መቼ ነው የሚመጣው

እህቴን ሰፈሩ ሁሉ «ሜትር» ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት፤ የመለኪያ ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም፣ ረስታው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ይዛው ሄዳ ታውቃለች። ሥራዋ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። እሷ ዘንድ በጠማማ ስፌት ላይ አይደረብም፤ እስከ መነሻው ተተርትሮ እንደገና ይሰፋል። ሠራተኞቿ ያጉረመርማሉ፤ ከእጇ የወጣ ሱሪ ግን ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወራረሳል።

አላገባችም። በአርባ አራት ዓመቷ ሁለት እህትማማቾች ወስዳ ልታሳድግ ስትነሳ፣ እኔ ከጓሮዋ ክፍል የምኖረው ታናሽ ወንድሟ ምክር አልሰሰትኩም። «እንቅልፍ ሰለቸሽ?» አልኳት።

«የሰጠኝ አምላክ ማሳደጉንም ያውቅበታል» አለችኝ።

እኔ እንደ እሷ የጸሎት ሰው አይደለሁም። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ፣ ዓይኔን ገልጬ ጣሪያ የማይ ነኝ።

ሲመጡ ትልቋ አሥር ዓመቷ ነበር፣ ትንሿ አራት። እናታቸው ከሞተች በኋላ አንድ ዘመድ ቤት ቆይተዋል። እዚያ የደረሰባቸውን የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛዋ ባጭሩ ነግራናለች፤ የቀረውን የትልቋ ጀርባ ይናገራል። ትንሿ ወር ሳይሞላት እህቴን «እማዬ» አለቻት። ትልቋ ግን ከ«እትዬ» ንቅንቅ አላለችም። ትዋሻለች፤ እጇ የገባውን ትደብቃለች፤ ፍራሿ ረጥቦ ያድራል። እህቴ አንድም ቀን እጇን አላነሳችባትም። ያላት መድኃኒት ጸሎት ነበር።

ጠዋት ጠዋት ከቤት ሳይወጡ ሦስቱም ሳሎን ውስጥ ይንበረከካሉ። ግድግዳው ላይ እህቴ በሰማያዊ ክር የጠለፈችው ጽሑፍ ተሰቅሏል፤ «ጌታ በቅርቡ ይመጣል» ይላል። ከሥሩ ሆና ጮክ ብላ ትጸልያለች። «ጌታ ሆይ፣ ትናንት መቀሴን ደብቃ አላየሁም ያለችውን ልጄን አስብልኝ። ዛሬም ፍራሿን ያረጠበችውን ልጄን ፈውስልኝ።» እንደ ስፌቷ ነው፤ አንድ ሳታስቀር ከመነሻው ትተረትረዋለች። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ድምፅዋ ይሰበር ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ያ ጸሎት ለልጅ እንዴት እንደሚሰማ አልታወቃትም። እኔ ግን ዓይኔ ክፍት ነበር። ትልቋ ገና በማለዳ የጫማዋን ክር አጥብቃ አስራ እንደምትንበረከክ፣ ደግሞም በሩን በሩን እንደምታይ አይቻለሁ። ማየት ብቻውን ምን ይረባል?

ሁለት ጊዜ ጠፋች፤ ሁለቴም ፖሊስ አገኛት። የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛዋ መጥታ የቀረበላትን ሻይ እንኳ ሳትነካ ተናገረች። «ሌላ ጊዜ ከጠፋች ለደኅንነቷ ስንል ማሳደጊያ እናስገባታለን። ትንሿ እዚሁ ትቆያለች።» ሁለቱን መለየት ማለት ነው። እህቴ ያን ሳምንት እህል አልቀመሰችም። ጾም ነው አለች፤ እኔ ፍርሃትም ነበረበት እላለሁ።

በሚቀጥለው ሰኞ አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት እየሸጥኩ ነው። ቀና ስል መስኮቱ ላይ ትልቋ ቆማለች፤ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አዝላለች። ትኬት የሚሸጠው እኔ መሆኔን ስታይ ለመሮጥ ቃጣት። ወጥቼ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የሚመጣው?»

«አውቶቡሱ?»

«አይደለም። እትዬ ጠዋት ጠዋት የምትነግረው።»

ቀስ እያለች ነገረችኝ። የድሮው ቤት ሴትዮ ራሷ አትመታም ነበር። ልጅቷ ቀን ያጠፋችውን ሁሉ ትይዝና ባሏ ሲመጣ አንድ ባንድ ትነግረዋለች፤ ቀበቶውን የሚፈታው እሱ ነው።

«ለዚህኛው ሁለት ዓመት ሙሉ ተነግሮታል» አለች። «ትናንት ደግሞ ሰባኪው በደጅ ነው አለ። ብዙ ተጠራቅሞብኛል።»

«ትንሿን ትተሻት?»

«እሷ ምንም አላጠፋችም። አይመታትም።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ተረቱ አፌ ላይ ደርሶ ቀረ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። መስኮቱን ለባልደረባዬ ትቼ፣ «ቤት ደርሰን ደስ ካላለሽ ትኬቱን ራሴ እቆርጥልሻለሁ» ብዬ መለስኳት። ውሸቴን ነበር፤ እሷም ሳታውቅ አልቀረችም፣ ግን መጣች።

ቤት ስንደርስ እህቴ ከትምህርት ቤት ተደውሎላት ስልኩን እንደያዘች ቆማለች፤ ለሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛዋ ገና አልደወለችም። ወጥ ቤት አስገብቼ የሰማሁትን ነገርኳት። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«በእሱ ስም ነው ያስፈራራኋት» አለች። «የማመልከውን አምላክ ያንን ሰውዬ አደረግሁባት።»

ለልጅቷ ማብራሪያ አልሰጠችም፣ ስብከትም አልሞከረችም። ሄዳ ጽሑፉ ሥር ተንበረከከች። ልጅቷ ከነቦርሳዋ በሩ ጋ ቆማለች።

«ጌታ ሆይ፣ ከዛሬ ጀምሮ የምነግርህ የራሴን ነው። የልጄን ገበና አደባባይ አውጥቻለሁ። ስታፈር አላየሁላትም፣ ስትፈራ አላየሁላትም። ነገ ይደርሳል እያልኩ ደንበኞቼን ስዋሽ ኖሬያለሁ። ሠራተኛዬን ያለ ጥፋቷ አስለቅሻለሁ…» መተርተሯን ቀጠለች።

ዓይኔ እንደ ልማዱ ክፍት ነበር። ልጅቷ በሩን አየች፤ ጽሑፉን አየች፤ ጥፋቱ በተቆጠረ ቁጥር ፊቷ እየተለዋወጠ እህቴን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን ጣለችና ከነጫማዋ ሮጣ አጠገቧ ተንበረከከች። ሁለት እጇን እህቴ ጀርባ ላይ ዘረጋች፣ ቀበቶ በሚያርፍበት ቦታ።

«እትዬን አትምታት» አለች ወደ ላይ ቀና ብላ። «እሷ ደግ ናት።»

አሜን የሚል ስለጠፋ እኔ አልኩ።