መጽሐፍ በቅምሻ

ማን ግቢ አለኝ? እስቲ አሁን እኔን፣ ሀ ሁ ያልቆጠርኩ አሮጊት፣ መጽሐፍ ሱቅ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ! ይሄንንም እኔ እያወራሁ ልጄ ሙና ናት የምትጽፈው። ቡታጅራ ያላችሁ ሳቁብኝ። እንደኔ የሰው አገር የገባችሁ ግን አፋችሁን ያዙ።

ሙና እዚህ ሮቤ መጽሐፍ ሱቅ ከፍታ ሳለ እርግዝናው ከበዳትና ሐኪሙ ተኚ አላት። "ሁለት ወር ብቻ ሱቁን ጠብቂልኝ" አለችኝ። ጎህ ሳይቀድ ቆጮዬን በኮባ ጠቅልዬ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። አዳባን ስናልፍ ብርዱ አጥንቴ ገባ። ሮቤ ስደርስ ቂጣው ገብስ፣ ገንፎው ገብስ፣ ቆሎው ገብስ። ፈረስ ልሆን ነው የመጣሁት አልኩ።

ሱቁ ውስጥ ተረት የሚባል የለም፣ ሁሉም እውነት ነው አለችኝ። ለትልቅ ሰው ስለ ኩላሊት፣ ስለ ድንች በሽታ፣ ስለ ኮከብ። ለልጆች ደግሞ ቤት የሚያክል እንሽላሊት፤ እሱም እውነት ነው አሉ። ገዢ ብቻ ነው ያልነበረው።

አከራያችን አቶ ገመቹ መጣ።

"እማማ፣ ሰው የማይገባበት ሱቅ ምን ያደርጋል? ለሞባይል ጠጋኝ ልሰጠው ነው። ወሩ ሲያልቅ ይልቀቁልኝ።"

"ደግ አደረግክ። ሰዉ ማንበቡን ትቶ ይደዋወል" አልኩት።

በሆዴ ግን አልሐምዱሊላህ! ሱቁ ከተዘጋ ሙናን ይዤ አገሬ መግባቴ ነው። ሙና፣ አትኮሳተሪ፣ ጻፊው።

ቤት ገብቼ ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው። ሞኝነቴ ያኔ ጀመረ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቅቤ ነጋዴ ነኝ። ቅቤ ሳይቀመስ ማን ይገዛል? በሩ ላይ ቆሜ "ኑ፣ ቅመሱ!" አልኩ። ተማሪው ገባ፣ ገበሬው ከሲናና ገጠር መጣ፣ አንዱ ቆሞ አንዱ ተቀምጦ ያነባል። ልክ ሲጣፍጣቸው ከእጃቸው ላፍ! "ቅምሻው አለቀ፣ የቀረውን ግዛ።" ገዙ እኮ!

ወሩ ሊያልቅ ሲል አቶ ገመቹ መጣና ሰዉን አይቶ ደነገጠ። ሐረና ጫካ ቀፎ እንደሰቀለ አውቃለሁ። ሽፋኑ ላይ ንብ ያለበትን ሰጠሁት፤ ንብ ማንበብ አያቅተኝም።

"ንብ ከመጽሐፍ አልማርም" አለ።

"ቅመስ አልኩህ እንጂ ተማር ማን አለህ?"

ቆሞ ጀመረ። ተቀመጠ። "ለካ ንቦቼ ጥለውኝ የሚሄዱት..." ሲል ነጠቅኩት።

"እማማ! ለምንድነው የሚሄዱት?"

"እኔ አላነብ! ሞባይል ጠጋኙን ጠይቀው።"

"እገዛዋለሁ!"

"አልሸጥልህም።"

"በቃ ሱቁ ውስጥ ይቀመጡ! መጽሐፉን ያምጡ!"

"ፈርም" አልኩት። አስቀድሜ ሙናን ባስጻፍኳት ወረቀት ላይ ለሁለት ዓመት ፈረመ። ሰውየው ሲያነብ ዋለ።

አሁን ሙና ወልዳ ተነስታለች፣ ሱቁ ሞልቷል፣ ሁለት ወር የተባለው ዓመት አለፈው። እህቴ ከቡታጅራ ትደውላለች፤ ሆን ብላ ቆጮ እያኘከች።

"መቼ ነው የምትመጪው?"

"ትንሽ ቆይቼ" እላለሁ፤ ሕፃኑ ጀርባዬ ላይ፣ ደንበኛው በር ላይ። ስልኩን ስዘጋው የገብስ ቂጣዬን እቆርሳለሁ።

ይሄን ሁሉ ለጎረቤቴ ለዘይነባ አጫወትኳት። እንኳን ልታዝንልኝ፣ ስንዴዋን መልቀሟን እንኳን አላቆመችም።

"ዝም ብትዪ ኖሮ ይሄኔ አገርሽ ገብተሽ ነበር" አለችኝ። "አፍሽ ነው እዚህ ያስቀረሽ።"