የሱናይና ፎቶ

ቢንዴሽዋሪ ፕራሳድ በህንዷ አራ ከተማ፣ ቆርቆሮ ባለበሳት ሰገነት ላይ ሒሳብ ማስተማር ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በአራ ወላጅ አስጠኚ የሚመርጠው በር ላይ በተሰቀለ ፎቶ ነው። ትልቁ የምህንድስና ተቋም የገባለት ተማሪ ፎቶ ከሌለው፣ የፈለገውን ያህል አዋቂ ቢሆን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። የቢንዴሽዋሪ በር ደግሞ ባዶ ነበር። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለ አምስት ፎቅ የፈተና ማሠልጠኛ ከተከፈተ ወዲህ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ሸሹትና አምስት ብቻ ቀሩለት።

ተስፋው ሁሉ የጎሚስታው የራምኬላዋን ልጅ፣ ሱናይና ነበረች። አራት ዓመት ሙሉ ገና ወፍ ሲንጫጫ እየመጣች በነፃ አስተማራት። ሰኔ ላይ የትልቁ ተቋም መግቢያ ፈተና ውጤት ወጣ። ከመላው ህንድ ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛ! ቢንዴሽዋሪ ዕድሜውን ረስቶ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ባነር አሠራና መሐሉን ለፎቶዋ ክፍት አስቀረ። ከዚያ ላዱ የሚባለውን ጣፋጭ በካርቶን አስጠቅልሎ ወደ ቤቷ አቀና።

ጣቢያው አደባባይ ሲደርስ የሱናይና ፎቶ በማሠልጠኛው ግድግዳ ላይ ሦስት ፎቅ አክሎ ተሰቅሏል። የማሠልጠኛውን ካናቴራ ለብሳለች። «የእኛ ፍሬ» ይላል ጽሑፉ። ልጅቱ እኮ የዚያን ማሠልጠኛ ደጃፍ ረግጣ አታውቅም!

ቤቷ ሲደርስ ራምኬላዋን ደጃፉ ላይ ነበር፤ መምጣቱን ቢያውቅም አፍሮ ከያዘው ጎማ ቀና አላለም።

«ማስተርጂ... ሻይ ላስፈላልዎት?»

«ሻይህን ተወውና ልጅህን ጥራልኝ።»

ሱናይና ወጥታ ጎንበስ ብላ በአክብሮት እግሩን ነካች።

«ፎቶ ብቻ እኮ ነው ማስተርጂ። ላፕቶፕ ሰጡኝ፤ የማደሪያሽንም እንችላለን አሉ። ያስተማሩኝ እርስዎ እንደሆኑ እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺማ ታውቂያለሽ። አላፊ አግዳሚው በምን ይወቅ? ለእኔ በር የሚሆን አንድ ፎቶ አጣሽ?»

ጣቶቿን ታፍተለትል ጀመር። «ለሌላ እንዳልሰጥ አስፈርመውኛል።»

ላዱውን አስቀምጦላት ወጣ። ችግራቸውን ያውቃል፤ ቢሆንም አልተዋጠለትም። ማሠልጠኛውስ ባዳ ነው። እሷ ግን እንደ ልጁ ያያት ነበረች፤ እሷው ካደችው።

በሳምንቱ አንዲት እናት ልጇን አስከትላ ሰገነቱ ላይ ወጣች። ቢንዴሽዋሪ ደስ ብሎት ወንበር አቀረበ።

«አንድ ወር ብቻ ያስጠኑልኝ» አለች።

«አንድ ወር ምን ሊረባት?»

«የማሠልጠኛውን መግቢያ ፈተና እንድታልፍልኝ ነዋ! ሱናይና የተማረችበት እንድትገባልኝ ነው የምፈልገው።»

ቢንዴሽዋሪ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ የቆመውን ባነር አየት አደረገ።

«ጠዋት ወፍ ሲንጫጫ ትምጣ» አላት፤ ሱናይና ትመጣበት በነበረው ሰዓት።