የሉቅማን ሻንጣና ሞተር አልባው አውሮፕላን

ናሲሞ ሳቢያን ሰፈር ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች። እሑድ እሑድ ደግሞ ከከተማው ዳር ካለ ኮረብታ ላይ ሞተር የሌለው አውሮፕላን በሪሞት ታበርራለች። ክንፉን ከፎም ቆርጣ የሠራችው ራሷ ናት። ነፋስ ካለ ይንሳፈፋል፣ ከሌለ ይወርዳል፤ ከዚያ በላይ አትጠይቀውም።

የአጎቷ ልጅ ሉቅማን መጋላ ገበያ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። እሱም ማብረር ሳይለምድ የማብረሪያ ዕቃ መግዛት ለመደ፦ የነፋስ ፍጥነት መለኪያ፣ አየሩ ሽቅብ ሲነሣ ጢጥ ጢጥ የሚል መሣሪያ፣ የክንፍ ሚዛን፣ አውሮፕላን ሲጠፋ የሚጮህ አላርም። ሻንጣውን ሲከፍት ናሲሞ ክሊኒክ ሊያቋቁም የመጣ ይመስላታል።

«ነፋሱን ፊትህ አይነግርህም?» አለችው አንድ እሑድ።

«ፊት ቁጥር አያወጣም» አላት፤ ዓይኑን ከመለኪያው ሳያነሣ።

«ወላሂ፣ አንተ የምታበርረው ሻንጣህን ነው!»

ሲሰካ ሲነቅል የረፋዱ ደህና ነፋስ አለፈ። በመጨረሻ የራሱን አውሮፕላን ወረወረው። ሆዱ በመሣሪያ የተጠቀጠቀው አውሮፕላን እንደ ጠገበች ዶሮ ጥቂት ተንደፋድፎ ከኮረብታው ግርጌ የበለስ ቁልቋል ውስጥ ተሰነቀረ። አላርሙ ጩኸቱን ለቀቀው። በመንገዱ የሚያልፍ ባለ ባጃጅ ፈንጂ መስሎት፣ ተሳፋሪዎቹን «ውረዱ!» ብሎ ራሱ ቀድሟቸው ሮጠ።

ሉቅማን አዲስ ሱሪውን አየ፤ ቀጥሎ ናሲሞን አየ። ቁልቋሉ ውስጥ የገባችው እሷ ናት። ድምፁን ተከትላ፣ እጇ በእሾህ ተወግቶ፣ ክንፉ የተሰበረውን ይዛ ወጣች።

«መሣሪያዎቹ ደህና ናቸው?» አላት።

መናደድ እንኳ አቃታት። ነፋስ የሚለካ ሰው አጠገቡ የሚደማ እጅ አይታየውም። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እሾሁን በጥርሷ ነቀለች። ከዚያ አላርሙን ፈታ ከራሷ አውሮፕላን ሆድ ሥር አሰረችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ከዚህ ሁሉ ኮተት የሚሠራው ይሄ ብቻ ነው።»

«የኔ ነው እኮ!»

«ሌላ ትገዛለህ። እሱን እንደሆነ ታውቅበታለህ።»

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተመለሰ። ናሲሞ የታመመ እጇን አሻሽታ የራሷን ወረወረች፤ አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ከፍ፣ ከፍ አለ። ሉቅማን «ቆይ፣ ከፍታውን ልንገርሽ» እያለ መሣሪያ ፍለጋ ሻንጣው ውስጥ አጎነበሰ። እሷ አንጋጣ አውሮፕላኗን ታይ ነበር።