ያልተመለሱት የት ናቸው?

ሴትዮዋ የሰፈሩ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ባልደረቦቿ «ቆይ እስቲ» ይሏታል፤ ማንም ምንም ሲነግራት መጀመሪያ ከአፏ የሚወጣው እሱ ነው። ባሏ ለጋብቻ ሲጠይቃት እንኳ ያንኑ ነው አሉ የመለሰችለት።

አጎቷ ደግሞ በሰፈሩ የታወቁ መድኃኒት አዋቂ ናቸው። ቅጠል ቀጥቅጠው ያመረቀዘ ቁስል ላይ ያደርጋሉ። አንድ ቀን ጭማቂውን በጠርሙስ ይዘው ላብራቶሪ መጡ።

«መርምሪውና ማህተም ያለው ወረቀት ጻፊልኝ፤ የሚያሙኝ አፋቸውን ይያዙ።»

እምቢ ማለት ከበዳት፤ አባቷ ከሞቱ ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ከመግል የተወሰደ ጀርም ባበቀለችበት የመስታወት ሳህን ላይ ጭማቂውን ጠብ አደረገች። በማግስቱ ጠብታው ባረፈበት ዙሪያ ጀርም አልነበረም።

«አላልኩሽም!» አጎቷ ሊዘሉ ምንም አልቀራቸው።

«ቆይ እስቲ፣ ጋሼ።» በረኪና ያንጠባጠበችበትን ሌላ ሳህን አሳየቻቸው። በረኪናውማ ጀርሙን ጠራርጎታል። «ይሄንስ ለበሽተኛ ይሰጡታል? ሳህን ላይ መግደልና ሰው ማዳን ለየቅል ነው።»

«ስንቱን አድኛለሁ! አንድም ሰው ተመልሶ አላማረረኝም።»

«ያልተመለሱትስ የት ናቸው?»

ተቆጡ። ግን እልኸኛ ናቸው፤ «ነይ ላሳይሽ» ብለው በየቅዳሜው ከቤት ቤት ይዘዋት ዞሩ። በቅጠሉ ያከሟቸውን አሥራ አራት ሰዎች አገኙ። የአብዛኞቹ ቁስል ታጥቦ ቢተውም የሚደርቅ፣ ትንሽ ነበር። ሦስቱ በጎን የሐኪም ክኒን ይውጡ እንደነበር እያፈሩ ተናገሩ። ከመካከላቸው አንድ ልብስ ሰፊ ግን ቀኝ አውራ ጣቱ የለም። ስኳር በሽታ ነበረበት፤ ቅጠሉን እየቀየረ ሦስት ሳምንት ሲጠብቅ ቁስሉ እስከ አጥንቱ ዘለቀ፣ ሐኪሞች ቆረጡት።

«ምነው ሳትነግረኝ ቀረህ?» አሉ አጎቷ።

«እንዳይከፋዎት ብዬ ነዋ።»

 ሲመለሱ እሷ «ብዬዎት ነበር» አላለቻቸውም።

አጎቷ ቅጠሉን አልተዉም። እሷም ምንም አይሠራም አትልም፤ ሰው ላይ በወጉ የፈተነው ስለሌለ አላውቅም ነው የምትለው። ግን ትኩሳት ያለውን፣ የቁስሉ ዙሪያ ቀልቶ የሚሰፋበትን፣ ስኳር ያለበትን ሰው አሁን አይነኩም። ባለፈው ሳምንት እግሯ ያበጠ ጎረቤታቸውን ደግፈው ሆስፒታሉ አመጡና ወረፋ ያዙ። ተራቸው እስኪደርስ አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴት ቅጠሉ ከየት እንደሚለቀም ሲያስረዱ እሷ ከላብራቶሪው ሆና ሰማቻቸው።

በመስኮት ብቅ ብላ «ቆይ እስቲ፣ ጋሼ!» አለቻቸው።