በጉና ብርድ የፈላች መኪና

ሞተር እንዳይፈላ መጠበቅ እስከ ጥግ የማውቀው ብቸኛ ሙያ ነው፤ ሌላውን ሁሉ በግማሽ ነው የማውቀው። ደብረ ታቦር ውስጥ መኪናው ያስቸገረው ሹፌር ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔም አንድ ሁለት ሳልሰድበው አልረዳውም። «የማራገቢያህ ቺንጋ ላልቷል፣ አይታይህም? ራዲያተርህን ጭቃ ደፍኖታል፤ አፍንጫህን ይዤ ዳገት ላስሮጥህ?» እላለሁ። ሰው ምላሴን ይጠላዋል። ፒካፔ ግን በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አፍልታ አታውቅም ነበር። በዚህ ከልክ በላይ እኮራ ነበር።

ነገሩ እኮ ከባድ አይደለም። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ውሃውን ማየት ነው። ዳገቱን ዝቅ ባለ ማርሽ፣ ሳያጣድፉ መውጣት ነው። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሃል ማለፍ ሲጀምር ቆሞ፣ የመኪናዋን ፊት ወደ ነፋስ አዙሮ መጠበቅ ነው። ጉናን በመሰለ ከፍታ ላይ ደግሞ ውሃ ቶሎ እንደሚፈላ አለመርሳት ነው፤ እዚያ ድስቱ ቶሎ ይንተከተካል፣ ድንቹ ግን አይበስልም። ሙቀት እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው፤ አንዴ ዓይንህን ካነሳህለት አበቃ።

ጉና ግርጌ የሚያድር ሹፌር ሁሉ አንድ ልማድ አለው። ውርጭ ባደረበት ጠዋት ራዲያተሩ ፊት ላይ ጆንያ ያስራል። ጆንያው ብርዱን ስለሚከልልለት ሞተሩ ቶሎ ይሟሟቃል። ከዚያ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ዳገት ሳይጀምር ወርዶ ይፈታዋል። መፍታቱን የረሳ መኪናውን በገዛ እጁ አፍኖ ይገድላታል። ይህን ለስንቱ ሹፌር እንደነገርኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ወሩ ጥር ነበር። ድንች ልጭን ከጉና ግርጌ ካለች መንደር አድሬ፣ ጠዋት ጆንያዬን አስሬ ሞተር ሳሞቅ፣ አንዲት እናት በባዶ እጃቸው እየሮጡ መጡ። አውቃቸዋለሁ፤ በጋፋት በኩል ያሉ፣ የእኛው አጥቢያ ሰው ናቸው። ከአረብ አገር ከተመለሰች ዓመት ያልሞላት ልጃቸው ታማባቸው፣ ጉና ግርጌ ካለው ጸበል ይዘዋት መጥተው ሁለት ሳምንት ሲያስጠምቋት ከርመዋል። ያን ጠዋት ትንፋሿ አጥሮ ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ሐኪም ቤት አድርስልኝ ልጀ፣ ስለ ወላዲቷ» አሉኝ።

ድንቹን ተውነው። ጎረቤቱ ተረባርቦ የጫንኩትን ሁሉ አራገፈ፤ የመጠባበቂያ ውሃ የምይዝበት ጄሪካኔም ከዕቃው ጋር ወርዶ እዚያው ቀረ። ልጅቱን ከኋላ ወንበር አስተኛናት። እናቷ ራሷን ታቅፈው ተቀመጡ፤ እግራቸው ስር የሞላ የጸበል ጄሪካን አስቀመጡ። እኔም ነዳሁ። ጆንያው እንደታሰረ ነው።

ከመንደሩ በታች ያለውን ወንዝ ተሻግረን ወደ ገሳይ ከተማ የሚያወጣውን ዳገት ስንጀምር ፀሐይዋ በርትታ ነበር። እኔ በመስታወቱ የማየው የልጅቱን ደረት ነው፤ ከፍ ሲል ደስ ይለኛል፣ ዝቅ ሲል ቀጥሎ ከፍ ይል እንደሆን እጠብቃለሁ። መለኪያውን ያየሁት እኩሌታውን ከወጣን በኋላ ነው። መርፌው ጫፍ ደርሷል። ወዲያው ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ተትጎለጎለ።

ወርጄ ወደ ፊት ስዞር ጆንያውን አየሁት። ገመዱን በጥርሴ በጥሼ፣ ጆንያውን ጠቅልዬ ጋቢዬ ስር ሸጎጥኩት። ማንም አላየኝም።

እናቷ በመስኮቱ ብቅ ብለው «ምን ሁና ነው?» አሉ።

«ዳገቱ ነው እማማ» አልኳቸው።

ልጅቱ ዓይኗን ገለጠች። «አረብ አገር፣ በዚያ ሁሉ ቃጠሎ፣ መኪና ፈልቶ አላየሁም» አለች፣ በየመሃሉ እያረፈች። «በጉና ብርድ እንዴት ይፈላል?» ፈገግ ለማለት ሞከረች። ልትቀልድብኝ ነው እንጂ ልትመረምረኝ አልነበረም፤ እኔ ግን ፊቴን ወደ ኮፈኑ አዞርኩ።

ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አብሮኝ ይጓዛል። ብቻዬን ስነዳ፣ ማርሽ ቀንሼ ዳገት ስጀምር፣ ከኋላ ወንበር ይመጣል። ዞር ብዬ የማይባቸው ቀናት አሉ። ሰው ቢሰማ እብድ ይለኛል እንጂ፣ ጮክ ብዬ የመለስኩላትም ጊዜ አለ።

የፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይጨመርም፤ ብረቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጠበቅን። ግማሽ ሰዓት ልበል፣ ሳይበልጥም አይቀር። የሚያልፍ መኪና አልነበረም። የሚሰማው የልጅቱ ትንፋሽና የሞተሩ ቋ ቋ ማለት ብቻ ነው። ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ስከፍተው ውስጡ ደርቋል። ወንዙ ወርዶ ለመመለስ ሌላ አንድ ሰዓት ይፈልጋል።

«ውሃ ነው የጎደላት?» አሉ እናቷ።

«አዎ።»

እግራቸው ስር ያለውን ጄሪካን አዩት። እኔም አየሁት። ያን ጊዜ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብል ኖሮ ጸበሉ ያው መፍሰሱ አይቀርም ነበር፤ ኃጢአቱ ግን በእኔ አንገት ይሆን ነበር። አላልኩም።

«እንካ» አሉኝ።

«እማማ፣ ጸበል እኮ ነው።»

«እኔው አይደለሁ የቀዳሁት? ልጀ ናት። ብቻ ጫማህን አውልቅ።»

ጫማዬን አውልቄ፣ ጥላው ስር ውርጩ ገና ባልለቀቀው አፈር ላይ ቆምኩ። እሳቸው ወርደው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ «ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ» እያሉ ሲያለቅሱ፣ እኔ ጸበሉን በራዲያተሩ አፍ አንቆረቆርኩት። ጆንያው ጋቢዬ ስር፣ ደረቴ ላይ ነበር። እርጥበቱ ይሰማኛል።

መኪናዋ ተነሳች፤ ደብረ ታቦር ደረስን። ልጅቱ ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አረፈች። የተቀበለን ሐኪም ክፉ ሰው አልነበረም። ድካም ይሆናል፣ እናቷ ፊት «ምነው ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጧት» አለ። ቀደም ብንል ትድን እንደነበር አላውቅም። ያቺን ግማሽ ሰዓት ማን እንደወሰደባት ግን አውቃለሁ።

በአርባዋ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ እናቷን ሰማኋቸው። «የልጀን ጸበል ለብረት አጠጣሁት። እግዜሩም ተቆጥቶ ወሰደብኝ» እያሉ አጠገባቸው ላለ ሁሉ ይነግራሉ። የነፍስ አባታቸው ኃጢአት የለብሽም ቢሏቸው አልሰማ አሉ። ቀኖና ካልሰጡኝ ብለው አስጨንቀዋቸው፣ በየማለዳው የሚሰግዱት ስግደት ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ መኪናዬን ይዤ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሳልፍ አያቸዋለሁ። ስልሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። በግንባራቸው ይወድቃሉ፣ ድንጋዩን ተደግፈው ይነሳሉ፣ እንደገና ይወድቃሉ።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይላሉ። እኔ አላየሁም። እኔ ለሠራሁት ሲሰግዱ ያየሁት እሳቸውን ነው።

ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ጆንያ ማሰር ተውኩ፤ በውርጭ ጠዋት ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ እስኪሞቅ ሲጠብቁኝ ሹፌሮቹ «ምነው፣ ጆንያ ጠፋብህ?» ብለው ይስቁብኛል። አብሬ እስቃለሁ።

በመጨረሻ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ገብስ ይለቅማሉ። መቀመጫ ሲያቀርቡልኝ ቆሜ ተናገርኩት።

«እማማ፣ መኪናዋ የቆመችው በእኔ ነው። ጠዋት ያሰርኩትን ጆንያ ሳልፈታ ረስቼ፣ እሱ ነው ያፈናት። አንቱ አልበደሉም።»

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። «መቼ አወቅኸው?» አሉ።

«እዚያው፣ ዳገቱ ላይ። እንደወረድኩ።»

«ጸበሉን ሳልሰጥህ?»

«ሳይሰጡኝ።»

«ጫማህን አውልቅ ስልህም ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

እርግማን ጠብቄ ነበር፤ ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር። ቀና ብለውም አላዩኝ። በመዳፋቸው ጉልበታቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«ይህን ለመናገር ጉልበቴ እስኪያልቅ ጠበቅህ» አሉ፣ ወደ ገብሳቸውም ተመለሱ።

ከእንግዲህ እንኳ ከስግደቱ ያርፋሉ ብዬ ነበር። በማግስቱ ማለዳ ሳልፍ ያው ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ። እንዲያውም ስግደቱ ከበፊቱ የበዛ መሰለኝ። ስለ ማን ኃጢአት እንደሆነ የምጠይቅበት ድፍረት የለኝም። ስለ እኔ እንዳይሆን እፈራለሁ።