ለራሷ ያልጠየቀችው ጥያቄ

የአራሶች ክፍል ባልደረባዬን «ሲስተር አጣሪ» እንላታለን። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የጨርቅ አሻንጉሊት ይዛ፣ ጥቅሙን ሳታጋንን፣ ጉዳቱን ሳትደብቅ፣ ስለ ግርዛት ለወላጆች ስታስረዳ ኖራለች። «ውሳኔው የእናንተ ነው» ትላለች። ግን ሳታጣራ አታስፈርምም፦ «በእናት ወገን ደሙ አልቆም ያለ ወንድ አለ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም!» በዚህች ጥያቄ ስንቱ አባት ሐሳቡን ቀይሮ ልጁን መጀመሪያ አስመርምሯል። እኔ ቸኩዬ «ኧረ አሳጥሪው!» ስላት ተኮራርፈን እናውቃለን። «በሽታውን የደበቀ» የምትለውን ተረት ያስተማሯት እናቷ ናቸው።

ባለፈው ዓመት የገዛ ልጇ ወንድ ወለደች። ባልና ሚስት ከሌሎቹ ወላጆች ጋር ቁጭ ብለው ሰሙ፣ ተመካከሩ፣ ይገረዝ አሉ። ቅጹን የምሞላው እኔ ነበርኩ። ያቺን ጥያቄ ሳነሳ አጣሪ ሳቀችብኝ።

«የኛን ዘር ለኔ ልትነግሪኝ ነው? የለም ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይኸው ነው።

ልጁ ጠዋት ተገረዘ፤ ደሙ እስከ ምሳ ሰዓት አልቆመም። ፋሻ ብንቀይር ያው ቀይ፣ ብንደግም ያው። የአጣሪ እናት ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲወዛወዙ ቆይተው፣ «ወንዱ ልጄም ልክ እንዲህ ሆኖ ነው የሄደብኝ» አሉ።

አጣሪ ፋሻውን እንደያዘች ዞረች።

«ወንድሜ በትኩሳት ነው የሞተው ብለሽኝ የለ?»

«ምን ልበል ታዲያ? ዘሯ ደም አይቆምለትም ከተባለ ማን ያገባሽ ነበር?»

«እማዬ! ማስተማር ስጀምር ጥያቄውን አንቺው ላይ አይደል እንዴ የተለማመድኩት?»

«ለሰው መስሎኝ ነዋ።»

ሕፃኑ ትልቁ ሆስፒታል ተወስዶ፣ ደም የሚያረጋ መድኃኒት ተሰጥቶት ተረፈ። እኔ «የለም» ብዬ የጻፍኩበትን ቅጽ ባየሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። አጣሪ እናቷን እስከ ዛሬ አታናግርም። ተቃጥላለች፤ እኔም አልፈርድባትም።

ሕፃኑ በዳነ በሳምንቱ አጣሪ አቅፋ ልትስመው ብትጠጋ፣ ልጇ ሕፃኑን ወደ ደረቷ ሰበሰበችው።

«እኔ እኮ ነኝ የተከዳሁት!» አለች አጣሪ፣ እንባዋ እየወረደ። «የገዛ እናቴ ዋሸችኝ!»

«አንቺን እናትሽ ዋሸችሽ» አለቻት ልጇ። «ባዳውን ሁሉ ስታጣሪ እኔን የዘለልሽኝስ?»