አርባ አራት ሰከንድ

ሐቀኛ ነህ ይሉኛል። ምነው ባልሆንኩ!

ቡላዋዮ ባለው የድስት ፋብሪካችን ባባ ንዲዌኒን የማያውቅ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተቀባ ድስት እያነሡ ቀለም ገንዳ ውስጥ የነከሩ፣ አራግፈው ወደ ምድጃው በሚወስደው ሰንሰለት ላይ የሰቀሉ ሰው ናቸው። ቀኝ ትከሻቸውን ካመማቸው ቆይቷል፤ ግን ለማን ይናገራሉ።

አምና ሩምቢ የምትባል ኢንጂነር ከሐራሬ መጣች። ፋብሪካችንን ኮምፒውተር ውስጥ አስመስላ ልትሠራና የትኛው ትዕዛዝ መቼ ቢገባ ሥራው እንደሚፈጥን እዚያው ልትሞክር ነው። ለዚህ የእያንዳንዱ ሰው ሥራ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ መለካት ነበረበት። መለኪያውን ሰዓት ለኔ ሰጠችኝ።

እኛ ዘንድ በእንግዳ ፊት መለገም ነውር ነው። ሰው ሁሉ ሲለካ ተጣደፈ፤ ባባማ ባሰባቸው። ሌላ ጊዜ አንዱን ድስት በደቂቃ የሚጨርሱት ሽማግሌ በአርባ ስድስት ሰከንድ ጨረሱት። ኮምፒውተሩ ምን ያውቃል፣ በዚያው ቁጥር የሥራ ፕሮግራም አወጣ። ድስቱ ባባ ፊት ይቆለል፣ ምድጃው ባዶውን ይነድ ጀመር። አለቃው እስከ ወሩ መጨረሻ ፕሮግራሙ ላይ ካልደረሱ በጎረምሳ ይተኩ አለ።

አንጀቴ አልቻለም። ሩምቢ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችም።

«ነገ እንደገና ለካቸው። እንደ ሁልጊዜያቸው ይሥሩ በላቸው፤ ቁጥሩን አስተካክላለሁ» አለችኝ።

ከሥራ ስንወጣ ለመንኳቸው። «ባባ፣ ነገ በሞቴ ቀስ ይበሉ። እንጀራዎ ነው።» እሺ አሉኝ።

በማግስቱ ሥራ ሲጀመር አለቃው ሊያይ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ባባ አዩትና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ፣ ያ የታመመ ትከሻ የሰው አይመስልም ነበር። አለቃው በአድናቆት ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ባባ ላባቸው እየተንጠባጠበ ወደኔ ዞሩ።

«ስንት ገባሁ ልጄ?»

«አርባ አራት።»

ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ብዕሩ እጄ ላይ ነበር። ስድሳ ብዬ ብጽፍ ማን ያየኛል? ሩምቢም የምትጠብቀው እሱኑ ነበር። ያንን ሳቅ ካየሁ በኋላ ግን ሌላ ቁጥር መጻፍ አቃተኝ። አርባ አራት ብዬ ጻፍኩ።

ኮምፒውተሩም በአርባ አራት አዲስ ፕሮግራም አወጣ፤ ባባ አልደረሱበትምና በወሩ መጨረሻ ከሥራ ተሰናበቱ። ዛሬ የሻይ ኩባያ የሚያነሡት በግራ እጃቸው ነው። በቦታቸው የገባው ጎረምሳም አልቻለውም። አለቃው ዘንድ ሄዶ በዛብኝ ሲል፣ ሽማግሌው በአርባ አራት ይጨርሱት አልነበር ይለውና ወረቀቱን አውጥቶ ያሳየዋል። ጽሕፈቱ የኔ ነው።